መሪው ላይ የታሰረው ጨርቅ

ዋርሳዬ፣

ያን ቀን ቀዩን ጨርቅ ከመሪው ላይ የፈታሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ሳልነግራት ሞተች፤ ለፈጣሪም ቢሆን ድምፄን አውጥቼ አልነገርኩትም።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ አትቀየመኝ። ሰላምታ ካስቀደምኩ በሰላምታው ተከልዬ እንደምቀር አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ «እንደምን ሰንብተሃል» ከሚለው ሳልሻገር አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ዋናው ከወጣ፣ እንደ ደንቡ ልጠይቅህ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ከአውቶቡስ ሥር ስትወጣ ቀጥ ብለህ ለመቆም ግድግዳ ትይዛለህ ብሎ የአውቶቡስ ዴፖ ባልደረባህ ሎሚ ነግሮኛል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ እጄም ዓይኔም ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት አላነሱም። ልጄም ደህና ነው። የምጽፍልህ በሱ ምክንያት ነው።

መኪናዋን ከሸራው ሥር አውጥቷታል። ያቺን ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት ብዙም የማትርቀውን የወንድምህን መኪና። ወንድምህ ከሞተበት አደጋ በኋላ እናትህ ለብረት ለቃሚ ትሸጥ ሲሉ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ዓይነት ፍቅር ነው!» እያለ አለቀሰልኝ። ፍቅር አልነበረም። ሰው ጥፋቱ ያለበትን ዕቃ ከግቢ ሲያስወጣ አገር የሚያየው ይመስለዋል። ስለዚህ በሸራ ሸፍኜ፣ በሸራው ላይ ልብስ እያሰጣሁ ኖርኩ።

ልጁ ደመወዝ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ግን አላስቀምጣት አለ። መጀመሪያ የተጨራመተ ፊቷን አስጠገነ፣ ቀጥሎ ሞተሯን አስነሳ። ዘንድሮ ተራው የእግሯ ሆነ። አጠር ያሉና ጠንካራ ሞላዎች አመጣ። የመንገድ ንዝረት የሚውጡ፣ ጥንካሬያቸው በብሎን የሚላላና የሚጠብቅ አዳዲስ አሞርዛተሮች አመጣ። ግራና ቀኙን አያይዞ መታጠፊያ ላይ እንዳታዘነብል የሚይዛት ወፍራም ዘንግም አመጣ። በብረቶቹ መገጣጠሚያ የደረቁትን የጎማ ቡሾች አንድ በአንድ አውጥቶ ጣለ። «እማዬ፣ ይቺ መኪና እኮ መታጠፊያ ላይ እንደ ሰካራም ነበር የምትወዛወዘው። አሁን መንገዱን ጨብጣ ነው የምትሄደው» አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ። እኔ ጨርቅ እየቀደድኩ ነበር፣ ቀና አላልኩም። ድምፁ የወንድምህ ነው። ቃሉ ራሱ የወንድምህ ነው። ሙት አፍ አግኝቶ የመጣብኝ መሰለኝ።

ሙት አይወቀስም ይላሉ። እኔ ግን ብዙ ወቅሼዋለሁ፣ ዛሬም እወቅሰዋለሁ። እኔ ጫማዬን አስለጥፌ ስጫማ ለሷ አዲስ እግር ይገዛላት ነበር። የማታ ትምህርት ቤት ልግባ ብዬ ስለምነው አንተ ባለህበት ምን እንዳለኝ ታስታውሳለህ? «መርፌ ለያዘ እጅ እስክሪብቶ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሳቀ። አንተ አልሳቅክም። ወደያዝከው መፍቻ አቀርቅረህ ዝም አልክ። ያን ዝምታህን ወደድኩልህ። በኋላ ከዝምታህ ጋር ስንት ዘመን እንደምኖር የት አውቄ!

እሺ ያሰኘሁት በስንት ልመና ነው። መዝጋቢውን ስለሚያውቀው ራሱ ሄዶ እንደሚያስመዘግበኝ ቃል ገባ፤ ግን «መኪናዋ ከክሪክ ከወረደች» አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም በሷው ምክንያት «ለከርሞ» ብሎኝ ነበር። አንተ ከሥራ በተረፈህ ጊዜ እየመጣህ ሞላዋንና አሞርዛተሯን ትቀይርለት ነበር፤ እኔ ደግሞ በመስኮት እያየሁ ከናንተ በላይ ቸኩዬ ነበር። ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ከክሪክ አውርደህ በጎማዋ አቆምካት። ደስ አለኝ። ከዚያ እጅህን እየጠረግህ ወደኔ መጣህና፦ «እታለም፣ ጎማውን የሚይዘው የታችኛው ክንድ ብሎን በእጅ ብቻ ነው የገባው። የሚጠብቀው ክብደቷ በጎማዋ ላይ ካረፈ በኋላ ስለሆነ ነው። ትልቁ መፍቻ ጋራዥ ቀርቷል፤ ደርሼ እመለሳለሁ። ጨርቁ እስካለ ማንም እንዳይነካት» አልከኝ።

ያልገባኝ ነገር አልነበረም። በእጅህ ያለፈ መኪና ሁሉ፣ ሥራው ካላለቀ መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ሳይታሰርበት እንደማትለየው ሰፈር ያውቃል። ጨርቁ ደግሞ የኔ ነበር። ከቀሚስ ገበር ከተረፈ ቀይ ጨርቅ ላይ ቀድጄ፣ እንዳይተረተር ጠርዙን ዘምዝሜ የሰጠሁህ እኔ ነኝ።

ብዙም ሳትቆይ የወንድምህን ፉጨት ከበር ውጭ ሰማሁ። ጨርቁን ካየ ምን እንደሚሆን አወቅሁ፤ ሲጋራውን ለኩሶ አንተን ሲጠብቅ ቢሮው ይዘጋል፣ እኔም «ለከርሞ» እባላለሁ። በአንድ ብሎን ሰው አይሞትም አልኩ። አንተን ሁሉን ነገር የምታካብድ፣ ለዝገት እንኳ የምትጨነቅ ሰው አድርጌ አሰብኩህ። ሮጥኩና ፈታሁት፤ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በሩን ገፍቶ ገባና መኪናዋን በጎማዋ ቆማ ሲያያት፦ «ጨረሰ እንዴ?» አለኝ።

«ጨርሷል፤ ቢሮው ሳይዘጋ ድረስልኝ» አልኩት።

እንደ ሕፃን ፈነደቀ። ለኔ አልነበረም፣ ለሷ ነው። ግን ሲወጣ በመስኮቱ እጁን አወዛወዘልኝ። እንዲህ የማድረግ ልማድ አልነበረውም። ለምን ያን ቀን እንዳደረገው አላውቅም፤ ባያደርገው ኖሮ ለኔ ይቀለኝ ነበር።

አንተ መፍቻውን ትከሻህ ላይ አድርገህ ስትመለስ ግቢው ባዶ ነው። መጀመሪያ መኪናዋ የቆመችበትን መሬት አየህ፣ ቀጥሎ እኔን። «እታለም፣ ጨርቁስ?» አልክ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ፈቶት ይሆናል» አልኩህ። መፍቻውን እንኳ ሳታወርድ ወደ ቁልቁለቱ ሮጥክ፤ ክንዱ ግን እዚያው ተላቆ፣ መኪናዋ ተጋጭታ ነበር። ማታ፣ ቤቱ በለቅሶኛ ተሞልቶ፣ ልብስ ለመቀየር ጓዳ ስገባ የጨርቁ ጫፍ ከሽርጤ ኪስ ሾልኮ ተንጠልጥሎ አየሁት። አየኸው ማለት ነው። እንዳየኸው አውቃለሁ። እንደማውቅም ታውቃለህ።

የቀረውን አንተው ታውቀዋለህ፤ ግን አንተ አቀርቅረህ ስለነበር ያላየኸውን ልንገርህ። ነገሩን ሊያጣሩ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ብሎኑን አጥብቀኸው ነበር ወይ ሲሉህ «አላጠበቅሁትም» አልክ። እውነት ነው። ታዲያ ጨርቁስ ሲሉህ ለአፍታ ቀና አልክ። እኔን አላየህም፤ ጭኔ ላይ የተኛውን ልጅ ነው ያየኸው። ከዚያ «ማሰር ረሳሁ» አልክ። እናትህ «ለባዳ የማትረሳውን ለገዛ ወንድምህ!» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ፣ አፌን ከፈትኩ። እመነኝ፣ ከፍቼው ነበር። አንዲት ሴት ልቅሶ የመጣብኝ መስሏት ራሴን ደረቷ ውስጥ ቀበረችው። እኔም ከዚያ አልወጣሁም። ሲሞቀኝ ቀረሁ።

አንተ ጋራዥህን ዘግተህ ከሰፈሩ ወጣህ፤ አውቶቡስ ዴፖ ተቀጠርክ። እኔ መበለት ሆንኩ፤ ሰው እጄን እየሳመ የሚያልፈኝ መበለት።

ማንበብን የት ተማረችው ይሉኛል። ትምህርት ቤቱንማ ደጃፉንም አልረገጥኩት። ከመኪናዋ ኪስ ውስጥ የጥገና መጽሐፏ ወጣ፤ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። የራሳችንን ፊደል እንኳ እየጎተትኩ የማነብ ሴት፣ አሮጌ መዝገበ ቃላት ገዝቼ ቃል በቃል ገባሁበት። ከየቃሉ በላይ ትርጉሙን በእርሳስ እየጻፍኩ ዓመታት ፈጀሁ። ለባሏ ፍቅር ነው አሉ እንደገና። እኔ ግን አንድ መስመር ፍለጋ ነበር። ብሎኑ ለአንድ መንገድ ቢላላ ጉዳት የለውም የሚል፣ ነፃ የሚያወጣኝ መስመር። ደረስኩበት። እንዲህ ይላል፦ «ብሎኑ በመጨረሻ ሳይጠብቅ መኪናው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ።» በጥቁር ሳጥን ውስጥ ለብቻው ነው የተቀመጠው። ፊደል የቆጠርኩት የራሴን ፍርድ ለማንበብ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሌላ መጽሐፍ አነበብኩ፤ ታሪክም፣ የጤናም፣ የተገኘውን ሁሉ። እንደዚያች መስመር የገባኝ ግን የለም።

ሰሞኑን ልጁ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ እጁ ቅባት ስለሆነ፣ መጽሐፉን እንዳነብለት ጠየቀኝ። በርጩማ አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አነባለሁ፣ ይሠራል። ሞላውን አስገባ፣ አሞርዛተሩን ሰቀለ፣ ክንዱን አያያዘ። እዚያ ሳጥን ጋ ስደርስ ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጥኩ። ከሥር ሆኖ፦ «እማዬ፣ ዘለልሽ እንዴ? ማጥበቂያው የት ገባ?» አለኝ። ተመልሼ አነበብኩለት። መፍቻው ሲቆም ሰማሁ። በጀርባው ተንፏቆ ወጣና ፊቱ ጥላሸት እንደሆነ አየኝ። «ይኸው! ያ ሰውዬ ይቺን አንዲት መስመር ማንበብ ቢችል አባቴ ዛሬ ይኖር ነበር። አንቺ ብቻሽን ተምረሽ ያነበብሽውን እሱ ከነሙያው አላነበባትም» አለ።

«ያ ሰውዬ» ነው የሚልህ። አጎቴ ብሎህ አያውቅም፤ እኔም በል ብዬው አላውቅም።

ይህን ሁሉ እንኳ እንደለመድኩት እችለው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ሎሚ መጣ፤ ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን፣ አላይመንቱን፣ ሊያይለት። ካንተ ጋር የሠራ መሆኑን ልጁ አያውቅም ነበር። ሎሚ ምላሱ አሁንም እንደ ስሙ ይጎመዝዛል። መኪናዋን ዞሮ ካየ በኋላ «ይቺ ደግሞ ከኔ የተሻለ ጉልበት አገኘች! በዚሁ የእናትህንም ቀይርላት እንጂ» ብሎ አሳቀን። የክንዶቹን ብሎኖች በጎማዋ እንደቆመች አብረው አጠበቁ። ሎሚ ላቡን እየጠረገ፣ ነገ ዴፖው ለአንድ ጡረተኛ የሽኝት ዝግጅት ስላለው ልብስ ማስተኮስ እንዳለበት አነሳ። ማነው ጡረተኛው ሲለው ያንተን ስም ጠራ።

ልጁ መፍቻውን አስቀመጠ። ስለ ብሎኑ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ «መሃይሙ መካኒክ» መዘርገፍ ሲጀምር ሎሚ ተቆጣ። «ስማ አንተ ጎረምሳ፣ ያ ሰው እኮ ጨርቅ ሳያስር ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም። ስንት ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን ሲረሳ አላየሁትም፤ እንኳን ለወንድሙ፣ ለጠላቱም መኪና አይረሳም!» አለው።

ለጥብቅና ነው ያለው። ልጁ ግን ፊቱ ነጣ። «ካልረሳማ ሆን ብሎ ነዋ» አለ።

ሎሚ ዞሮ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት ካንተ የተዋሰው ይመስል ነበር። ሲወጣ በር ላይ፣ አንተ ለምን ዝም እንዳልክ የሚያውቀውን ሊነግረኝ ጀመረ፤ «እሱ እኮ ያኔ፣ እርስዎን...» ሲል፣ በካውያ ጨርቅ እንዳሳረረ ሰው ዞሬ ገባሁ። አንዳንድ ነገር ከተሰማ በኋላ መልሶ አይቀበርም።

ልጁ ነገ ጠዋት መኪናዋን ነድቶ ወደ ሽኝትህ ይመጣል። ሸሚዙን አሳጥቦ ሰቅሎታል። የሥራ ጓደኞችህ፣ አለቆችህ ባሉበት ቆሞ «ወንድምህን ለምን ገደልክ?» ሊልህ ነው። ይቅርብህ፣ የሞተ አይነሳም፣ ሽማግሌ አታዋርድ አልኩት። አቀፈኝና «እማዬ፣ አንቺን የጎዳሽ ደግነትሽ ነው» አለኝ።

አንተ ምን እንደምትመልስለት አውቃለሁ። እንደገና ታቀረቅራለህ። ልጁን አይተህ እንዳመጣብህ ትቀበላለህ። ያኔ «ረሳሁ» እንዳልክ ሁሉ፣ ነፍሰ ገዳይነቱንም «እኔ ነኝ» ትላለህ።

እሱን ነው የማልችለው። እውነቱን ልንገርህ፣ ዋርሳዬ፣ ተማርሬብሃለሁ። በየዓመቱ በሎሚ እጅ ለስፌት መኪናዬ ዘይት ስትልክልኝ፣ ቃል ሳትጨምርበት፣ ምን ልትለኝ ፈልገህ ነበር? ይቅርታ ነው ወይስ ስድብ? የፈረድኩበት ሰው በላከው ዘይት እንጀራዬን ሳገኝ ኖርኩ። አንድ ቀን ደጄ ቆመህ ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ጨርቄን አምጪ ብትለኝ፣ አልቅሼ እገላገል ነበር። አንተ ግን ዝም ብለህ ተሸከምክልኝ። ሳልለምንህ። ሸክሙን የወሰድክልኝ መስሎህ ይሆናል፤ እኔ ጋ የቀረው ግን ከሄደው ይከብዳል። ጥሩ ሰው መሆንህ አስመርሮኛል። ይህን ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ዛሬ ነውር አልቆጥርም።

ይህን የምጽፍልህ ልጁ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቶ ነው። መኪናዋ በመስኮቱ ትታየኛለች፤ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ አልዘመመችም። የልጅህ ሥራ ነው ብል ደስ ይልህ ነበር፤ የወንድምህ ልጅ እጁ ያንተን ነው የመሰለው። ብሎን ሲያጠብቅ እንዳንተ ከንፈሩን ይነክሳል። ይህንን ማንም አላስተማረውም።

ጨርቁ እኔ ዘንድ አለ። አላቃጠልኩትም፣ አልጣልኩትም፤ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎችና ከክር ጥቅልሎች ሥር ኖሯል። ቀይነቱ ትንሽ ለቋል፣ ጠርዙ ግን አልተተረተረም። አሁን ወርጄ፣ አንተ እንደምታስረው አድርጌ መሪው ላይ አስረዋለሁ። ያቺ መኪና ሥራዋ ያን ቀንም አላለቀም፣ ዛሬም አላለቀም። «ጨርሷል» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልጨረሰም ማለት ያለብኝም እኔ ነኝ። ልጁ ያንን ጨርቅ ሳይፈታ መንዳት አይችልም፤ ሲፈታው ደግሞ እነዚህን ወረቀቶች ከነፖስታቸው ውስጡ ተጠቅልለው ያገኛቸዋል።

ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን አላውቅም። ምናልባት ጭራሹን አያናግረኝም፤ ያ የሱ መብት ነው። ምናልባት ወዳንተ ይመጣል፤ ከመጣ እባክህ አታቀርቅርበት። ቀና ብለህ እየው። መኪናዋን ዞረህ ተመልከትለትና ያጎደለው ካለ ንገረው፤ ከኔ ይልቅ ያንተን ቃል ይፈልጋል።

ወገብህን ፈጣሪ ያቅናልህ። ከብረት ሥር ያሳለፍከውን ዕድሜ በፀሐይ መቀመጫ ይካስህ። የተወረወረብህ ቃል ሁሉ ወደ ባለቤቱ ይመለስ፤ ባለቤቱ እዚሁ አለሁ።

የወንድምህ ሚስት፣
እታለም ስትላት የነበረችው

ፖስታው ላይ ያንተን ስም ጽፌ ነበር። በኋላ ሳስበው ላንተ የምነግርህ አዲስ ነገር የለኝም፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለህ። ስምህን ሰርዤ ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦

ይድረስ ለልጄ።